ቀኝ እጄን ፊደል ያስቆጠረችው ልጄ

ጥር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰኞ ማለዳ ነው። ዳንግላ፣ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ፊቴን ልታጠብ ጆግ አነሣሁ፤ ጆጉ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወዲያው ቀኝ እግሬ ከዳኝና እርጥቡ መሬት ላይ ተዘረርኩ። ባለቤቴ እየሮጠች መጥታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። የምመልሰው ነገር ልቤ ውስጥ አለ፤ ቃሉ ግን አልመጣ አለ። ከአፌ የወጣው «እሺ» ብቻ ነበር።

«ያምሃል?»

«እሺ።»

«ሰው ልጥራ?»

«እሺ።»

ከዚያች ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል ከ«እሺ» በቀር የረባ ቃል አልነበረኝም። ያኔ 52 ዓመቴ ነበር። የታሪክ መምህር ነኝ፤ እንጀራዬ አፌና ጠመኔ የያዘችው ቀኝ እጄ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ማለዳ ሄዱ።

ከሁለት ቀን በፊት ቅዳሜ፣ እንጅባራ ነበርኩ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ 80 ዓመት ሞልቶት ነበር። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የዋሉ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ያስባል። እኔም ባንጃ ገጠር ኮርቻ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝና ያንን በዓል አልቀርም። ያን ቀን ከወንድሜ ፈረስ ላይ ወጥቼ ነበር። ጤነኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሦስት ዓመት አልፎ፣ ክኒኑንም «ምንም አያመኝም» ብዬ ከተውኩት ዓመት ሞልቶ ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሽታዬን ለማውራት አይደለም። እንደኔ የወደቀ ሰው በየቤቱ አለ፤ አጠገቡም ምን ማድረግ እንዳለባት ያልተነገራት ሚስት፣ እናት ወይም ልጅ አለች። እኔ ያገገምኩት ቤቴ ውስጥ ነው። ያስተማረችኝም ልጄ ናት።

ሰላሳ ሰዓት

ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ለመድረስ 30 ሰዓት ፈጀብኝ።

ጎረቤት ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ፍርድ «ምች ነው» የሚል ሆነ። ዳማከሴ ተቀጥፎ መጣ፤ ታሽቶ ጭማቂው በአፌ ተንጠበጠበልኝ። ትን አለኝና ዓይኔ እስኪገለበጥ ሳልኩ። ከሰዓት በኋላ ጠበል መጣ፤ እሱንም አጠጡኝ፤ አሁንም ትን አለኝ። ሌሊቱን ማንኮራፋት ስጀምር «ተኝቶ ይደር፣ ዕረፍት ነው የሚሻለው» ተባለ። በማግስቱ ትኩሳት ሲነሣብኝ ነው መኪና የተፈለገው። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር የለም፤ ሁሉም ወዶኝ ነው። የጎዳን አለማወቃችን ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ ለባለቤቴ አሳያት። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው አላት። አንደኛው የደም ሥር ሲዘጋ፣ ሁለተኛው የደም ሥር ሲፈነዳ ይመጣል። የፈሰሰ ደም በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ደም ተነፍጎት የሞተ የአንጎል ክፍል ደግሞ ጠቆር ይላል። የእኔ ግራ አንጎል ላይ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ጥቁር ደመና ነበር፤ የደም ሥር መዘጋት ማለት ነው። የግራው አንጎል የቀኙን አካል ያዝዛል፤ የብዙ ሰው ንግግርም የሚኖረው እዚያው ነው። እጄ፣ እግሬና አፌ አብረው የሄዱበት ምክንያት ይህ ነበር።

የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ነገር ግን ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በአገራችን የሚገኘውም በጥቂት ቦታ ነው። ይህ ሰዓት ለምን እንዲህ ጠበበ ቢባል፣ በፈረንጆች 2006 ጄፍሪ ሴቨር የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ያሰላው ስሌት መልስ ይሰጣል። ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳያገኝ በቆየ በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሶች ይሞታሉ። ዳማከሴው ተቀጥፎ እስኪመጣ ስንት ደቂቃ እንደሄደ ሳስበው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ስለ ጠበልና ስለ ጸሎት ማንም እንዲያዝንብኝ አልፈልግም። እኔም አማኝ ነኝ። ጸሎቱ መኪናው ውስጥም ይደረሳል፤ ጠበሉም ግንባር ላይ ይረጫል። በአፍ ግን ምንም አይሰጥ። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮውም ሊሰንፍ ይችላል፤ የሚውጠው ነገር ወደ ሳንባ ይገባል። እኔን በማግስቱ ያተኮሰኝ ሌላ ሳይሆን ሳንባ ምች ነበር። ነርሷ መዋጥ መቻሌን በማንኪያ ጠብታ እስክትፈትሽ ድረስ እህል ውኃ በአፌ አልዞረም። «አስፕሪን ስጡት» የሚል ጎረቤትም አለ። የፈሰሰ ደም ከሆነ አስፕሪን ያባብሰዋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ እንደ ሲቲ ስካን ባለ የአንጎል ምርመራ ነው።

ከሆስፒታል ስንወጣ

ሁለት ሳምንት ያህል ተኝቼ ወጣሁ። ከሆስፒታሉ ስም ይልቅ የሆነውን ነገር ብናገር ይበልጣል። የመድኃኒት ወረቀት ተሰጠን፤ የቀጠሮ ቀን ተጻፈልን። ባለቤቴ ግን 74 ኪሎ የሚመዝን፣ ግማሽ አካሉ እንደ እርጥብ ጆንያ የሆነ ሰው ከአልጋ እንዴት እንደምታነሣ ያሳያት አልነበረም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሰው አደረገች፤ በብብቴ ገብታ፣ ወይ ደግሞ በሽባው እጄ ይዛ ትጎትተኝ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ትከሻዬ ወረደ። በአጥንቱ ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ዘመድ «ወልቋል» ብሎ ወጌሻ አመጣ። ወጌሻው በሙያው የተከበረ፣ የስንቱን ውልቃት የመለሰ ሰው ነው። እጄን ይዞ ሲስበው የወጣው ጩኸቴ ሦስት ቤት ተሻግሮ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ለወራት በዚያ ትከሻ መተኛት አልቻልኩም።

በቀጠሮዬ ቀን ባሕር ዳር ያገኘነው ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው ነገሩን የገለጠልን። «ጋሼ፣ ትከሻዎ አልወለቀም። ትከሻን በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው፤ እነሱ ሲዝሉ እጁ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መድኃኒቱ መደገፍ ነው፤ መሳብ አይደለም» አለኝ። ሲቀመጡ እጁን በትራስ ላይ ማኖር፣ ሲያነሡ በወገብ በቀበቶ መያዝ፣ በእጅ ወይም በብብት ፈጽሞ አለመጎተት፤ ይኸው ነው። ለባለቤቴ ይህን ለማሳየት የፈጀበት ጊዜ ሰዓት አይሞላም። ያቺ አንድ ሰዓት በመጀመሪያው ሳምንት ተሰጥታን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሥቃይ ባልመጣ ነበር።

ወጣቱ ሌላም ነገር አደረገ። ከልጄ ደብተር ላይ አንድ ገጽ አስቀድዶ የቤት ሥራ ጻፈልኝ። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ፣ ቆዳ እንዳይቆስል። በቀን ሦስት ጊዜ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ አሥር አሥር ጊዜ። ከመነሣቴ በፊት እግሬን ወደ ኋላ ስቤ፣ አፍንጫዬ ከጣቶቼ አናት እስኪያልፍ ማጎንበስ፤ ያኔ ክብደቴ ወደ እግሬ ይሄዳል፣ የሚያነሣኝም ሰው ወገቡ አይሰበርም። ከደካማው እግር አልሸሽም፤ እቆምበታለሁ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «መደጋገም። መደጋገም። መደጋገም።»

መንገዱ ተዘጋ፣ ቤቱ ተከፈተ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከወደቅሁ ልክ በስድስተኛው ሳምንት፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ባሕር ዳር መመላለሱ ቀረ። ፊዚዮቴራፒ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ ግን ያቺን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ሰዓት ቤታችን ውስጥ አቆመች። ሁለት ሰዓት ላይ ክፍለ ጊዜ ይጀመራል። «አባ፣ ዛሬ ቀሪ የለም» ትለኛለች። ያንን ቃል እኔ ለሌሎች ልጆች ለ27 ዓመት ስናገረው ኖሬያለሁ።

እንጅባራ አካባቢ የሚያልፍ ሰው መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ሲሸጥ ያያል። ቀርከሃ የደጋው ሀብታችን ነው። ጎረቤታችን በዚያ ሙያ የሚኖር ነው። የእድራችን ሰዎች ተነጋግረው አራት ወፍራም ቀርከሃ አስመጡ፤ እሱ በግቢያችን ውስጥ ርዝመቱ አራት ሜትር የሆነ፣ ግራና ቀኝ የሚያዝ መደገፊያ ተከለልኝ። በትልልቅ ሆስፒታል ብረት የሚሆነው ነገር በእኛ ቤት ቀርከሃ ሆነ። ያ እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ የሚመጣ እድር ነው። ለእኔ ግን በሕይወት እያለሁ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው እየተነሣሁ እናገራለሁ፦ ወገኖቼ፣ ለሬሳ ያዋጣነውን ጉልበት ለወደቀም እናዋጣ።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ጫፍ ላይ ቆሜ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። የቀኝ እግሬ ጣት መሬቱን እየጫረ ይጎተት ነበር። ልጄ የእግሬን ጫፍ በፋሻ ወደ ላይ አስራ ከጉልበቴ በታች አቆራኘችው፤ ይህንንም ያሳያት ያ ወጣት ነው። በወሩ አራቱን ሜትር ጨረስኩ። በሰኔ ቀርከሃውን ለቅቄ በምርኩዝ እስከ በሩ ደረስኩ።

እጅ ከእግር ይልቅ እምቢተኛ ነው። እግር ሰውነት እንዲቆም ግድ ይለዋል፤ እጅ ግን ወንድሙ ሁሉን እየሠራለት ቁጭ ይላል። ግራ እጄ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ያካል፤ ቀኙ ተረሳ። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ነገር «የተማሩት አለመጠቀም» ብሎ ሰይሞታል። በመጀመሪያ እጅ ስለማይችል አይሠራም፤ በኋላ ግን መቻል ሲጀምርም አለመሥራትን ስለለመደ ዝም ይላል። በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመና በፈረንጆች 2006 ውጤቱ የታተመ ጥናት ነበር። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ስትሮክ የመታቸው 222 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንዱ ወገን ለሁለት ሳምንት ጤነኛ እጁ በጓንት ታፍኖ በደካማው ብቻ እንዲሠራ ተደረገ። ከሌላው ወገን ይልቅ የእነዚያ እጅ ተሻሻለ፤ ከዓመት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ይህ ዘዴ አንጓውንና ጣቶቹን ትንሽም ቢሆን ማንቀሳቀስ ለጀመረ ሰው ነው፤ ፈጽሞ ለማይንቀሳቀስ እጅ አይሆንም።

የእኔ ጣቶች በግንቦት መነቃነቅ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ልጄ ግራ እጄን በእናቷ ነጠላ ከወገቤ ጋር ታስረዋለች፤ ቁጭ ብዬ ነው እንጂ ቆሜ እንዲህ አይደረግም። ሰፌድ ላይ ባቄላ ትበትናለች፤ አጠገቡ ኩባያ ታስቀምጣለች። ሥራዬ ባቄላውን አንድ አንድ እያነሣሁ ኩባያው ውስጥ መጨመር ነው። የመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰዓት ሦስት ባቄላ ገባ። ሦስተኛዋን ስጥል ላቤ ሰፌዱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ባለቤቴ ማየት አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ልጄ ግን ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ «3»። በሐምሌ መጨረሻ «140» ተጽፏል። ያ ደብተር ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

በአሜሪካና በካናዳ የሕክምና ማዕከላት ሕመምተኞች በአንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍለ ጊዜ ደካማ እጃቸውን ለሥራ ስንት ጊዜ እንደሚያንቀሳቅሱ ተቆጥሮ ነበር፤ አማካዩ 32 ያህል ሆኖ ተገኘ። የላቦራቶሪ እንስሳት አንጎል ግን አዲስ መንገድ ሲያበጅ የታየው በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። ይህን ሳነብ ስለ ባቄላው ገባኝ። ሀብታም አገር ያለ ሆስፒታል በአንድ ክፍለ ጊዜ የማይሰጠውን ድግግሞሽ አንዲት ልጅ በሰፌድ ሰጠችኝ። የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም። በዙሪያው ያለው ግን ሥራውን መማር ይችላል፤ የሚማረውም ልክ እንደ ተማሪ በመደጋገም ነው። ውርንጭላን አንድ ቀን ሙሉ ገርተህ ለወር ብትተወው ኮርቻ አይለምድም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው።

መቸኮል ግን ሌላ ስሕተት ነው። በፈረንጆች 2015 የወጣ፣ በአምስት አገሮች 2,104 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት አለ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ሰውን ደጋግሞና አብዝቶ ከአልጋ ማስነሣት ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያይል አሳየ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሐኪም ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ የቤተሰብ። ብዙው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላም ግን በሩ አይዘጋም። የእኔ ጠመኔ ተመልሳ የመጣችው በ11ኛው ወር ነው።

ያቺ ጠመኔ የመጣችው እንዲህ ነው። ልጄ ግድግዳው ላይ ጥቁር ቀለም ቀብታ ሰሌዳ ሠራች። «ሀ በል» አለችኝ፤ ጻፍ ማለቷ ነው። ሀን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን የጻፍኩት የተገለበጠ ቀንድ ይመስል ነበር። ሐ ደግሞ ባለ ሦስት እግሯ ሦስት ሳምንት በላችኝ። እኔ እሷን ፊደል ያስቆጠርኩት አምስት ዓመቷ ሳለ፣ በዚያው ግቢ ነበር።

የጠፋ ቃል

ስለ ንግግር ለብቻው ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነውና። ጠያቂ ሲመጣ ጮኸው ያናግሩኝ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ጤነኛ ነው። አንዳንዱ በፊቴ «አእምሮው ሄዷል፣ ምንም አያውቅም» እያለ ለባለቤቴ ያዝንላታል። እኔ እሰማለሁ፤ ይገባኛል፤ እንባዬ ይወርዳል። በፈረንጆች 1861 ፖል ብሮካ የተባለ የፓሪስ ሐኪም «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም መናገር የማይችል ሕመምተኛ ነበረው። ሰውየው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራ በኩል፣ ከፊት ለፊት አገኘው። ሰውየው የሚነገረውን ይረዳ ነበር፤ የተሰበረው የማውጫው በር ነው። ለእሱ «ታን» የሆነው ለእኔ «እሺ» ነው።

አንድ ማታ ባለቤቴ ቆማ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግም አብሬያት ጀመርኩ። ሙሉውን፣ ሳልደናቀፍ፣ እስከ መጨረሻው ወጣሁት። ተንበርክካ አለቀሰች። በማግስቱ ስሟን ስትጠይቀኝ ግን «እሺ» አልኳት። ተአምር ነው ያለም፣ ያስመስላል ያለም ነበር። ሐኪሞች ይህን ነገር ያውቁታል። በልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ቁጥርና ዜማ ከዕለት ንግግር በተለየ መንገድ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በፈረንጆች 1973 በቦስተን የነበሩ ሐኪሞች ከዚህ ተነሥተው ሕመምተኛው አጫጭር ቃላትን በዜማና በእጅ ምት እንዲል የሚያስተምር ዘዴ አወጡ። ልጄም «ውኃ ስጡኝ»ን እንደ መዝሙር አዜመችልኝ፤ እየመታሁ ተቀበልኳት፤ ከዚያ ዜማውን ቀስ በቀስ አወለቅነው።

ሌላም ነገር ሆነ። እናቴ ከባንጃ መጣች። የ80 ዓመት ባልቴት ናት፤ ከእኔ ጋር የምታወራው በአዊኛ ብቻ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እያሻሸች ስታወራ ዋለች። ወደ ማታ ውኃ ጠማኝና ጠየቅኋት፤ በአዊኛ። ከ«እሺ» ቀጥሎ በፈቃዴ ያወጣኋት የመጀመሪያዋ ቃል በእናቴ ቋንቋ «ውኃ» ነበረች። አማርኛዬ ከእሷ በኋላ ተከትሎ መጣ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲታመም የትኛው ቀድሞ እንደሚመለስ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ በሁለቱም አናግሩት። ሲናገር አትቅደሙት፤ ቃሉን ነጥቃችሁ አትጨርሱለት። «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ጥያቄ ጠይቁትና ዝም ብላችሁ ጠብቁት።

የንጉሡ አልጋ

በአልጋዬ ሳለሁ ደጋግሜ ያሰብኩት አንድ ሰው ነበር። አጤ ምኒልክን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ዓድዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሞቃል፤ ከ1902 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈው ነበር። ከታመምኩ በኋላ እዚያ ላይ ቆምኩ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ከባድ ስትሮክ መታቸው፤ አካላቸውም አንደበታቸውም ታሰረ። ከዚያ በፊትም ቀለል ያለ ምት ደርሶባቸው ነበር። ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓመት በመጋቢት ከመንግሥት ሥራ ተገለሉና ባለቤታቸውን ማስታመም ብቻ ቀረላቸው። ዓድዋ ላይ የራሳቸውን ጦር የመሩ ሴት አራት ዓመት ያህል አስታማሚ ሆኑ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሡ አረፉ።

ያን ጊዜ በአውሮፓም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከአልጋ በቀር ብዙ የሚሰጥ አልነበረም። የእኔ አልጋ ከንጉሡ የሚለየው በአንዲት የደብተር ገጽና በሰፌድ ባቄላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የዓድዋ ድል በተገኘበት በፈረንጆች 1896፣ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ክንድ ላይ በሚጠመጠም ጨርቅ ግፊት የሚለካበትን መሣሪያ አሳተመ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ክንዳችን ላይ የሚታሰረው የእሱ ልጅ ነው። ንጉሡ ያን ዓይነት ልኬት ሳይለመድ ነው የታመሙት። እኔ ግን ተለክቼ፣ ቁጥሩ ተነግሮኝ፣ ክኒን ተሰጥቶኝ ነው የተውኩት። ግፊት ሳያሳምም ይገድላል። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተደጋጋሚ ከተገኘ ግፊት ነው፤ ክኒኑም የሚወሰደው ሲያም ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ነው። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን፤ አረቄና ሲጋራም ይቅሩ።

ስትሮክ የአዛውንት በሽታ ብቻም አይደለም። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በር አበላሽቶ፣ ከዚያ የሚነሣ የደም ጓል በወጣትነት ስትሮክ የሚያመጣበት ሰው አገራችን ውስጥ አለ። በዓለም ዙሪያ ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ስትሮክ ሊያገኘው እንደሚችል ተሰልቷል።

ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩበት ወር

በአራተኛው ወር ልቤ ዛለ። ባቄላውን ገፋሁት፤ እህል ጠላሁ፤ ሳላስበው ማልቀስ ጀመርኩ። «እግዚአብሔርን አታማር» የሚሉኝ ነበሩ። ሐኪሙ በስልክ ባለቤቴን ጠይቆ «ይህም ከሕመሙ ነው» አላት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን እንዲህ ያለ ድብርት ይይዛቸዋል፤ ይታከማልም። መድኃኒት ታዘዘልኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሰፌዱን ራሴ ጠየቅሁ።

የምትታመም ሌላ ሰውም ነበረች። ባለቤቴን ወገቧን አመማት፤ እንቅልፏ ጠፋ። አስታማሚን የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ታማሚን ነው። ጠያቂ ሆናችሁ ስትሄዱ ፍራፍሬ ከምትይዙ አንድ ከሰዓት ተቀምጣችሁ አስታማሚዋን አስተኟት።

ዛሬ

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ቀኝ እግሬ ሲደክመኝ ይጎተታል። ረጅም ስም ላይ እደናቀፋለሁ። ብቻዬን ፈረስ ላይ አልወጣም። ሉዊ ፓስተር በ45 ዓመቱ፣ በፈረንጆች 1868፣ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ እንደ ሰነፈ ቀረ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ለሰው የሰጠው ግን ከዚያ በኋላ በ1885 ነው። እኔ እንደ እሱ አይደለሁም። ግን በሳምንት ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ላይም እጽፋለሁ። ልጄ ፊዚዮቴራፒ ልታጠና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

አንባቢ ሆይ፣ ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። ዛሬውኑ ግፊትህን ተለካ። የሰው ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል ወይም ንግግሩ ሲተሳሰር ብታይ፣ ሰዓቱን ያዝ፣ በአፉ ምንም አትስጥ፣ መኪና ፈልግ። ሦስተኛው ለአስታማሚ ነው፦ ከሆስፒታል ስትወጡ የመድኃኒቱ ወረቀት ብቻ አይበቃችሁም። እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ እንዴት እንደሚበላ በእጃችሁ ሠርታችሁ እስክታሳዩ ድረስ «አሳዩን» ብላችሁ ጠይቁ። ሳያሳዩአችሁ ከበሩ አትውጡ።